ምን ያህል እንደሚያውቅ የሚያውቅ መሣሪያ፦ የአለን ቱሪንግ ሕይወት



በዚህ ዓመት አንድ የአሥረኛ ክፍል ተማሪያችን ስለ ጣና ሐይቅ የሚያምር ጽሑፍ ይዞ መጣ። አንቀጾቹ የተስተካከሉ፣ ፊደሉ ያልተሳሳተ፣ መጨረሻው ላይም አንድ መጽሐፍ ከነደራሲው ስም የተጠቀሰበት ነበር። የቤተ መጻሕፍት ኃላፊያችን ለሌሎቹም ልጆች ላስመጣው ብለው መጽሐፉን ሁለት ቀን ሙሉ ፈለጉት። እንዲህ የሚባል መጽሐፍ የለም። ልጁን አስጠርቼ ብጠይቀው አልዋሸኝም፤ ስልኩ ላይ ካለው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራም እንዳገኘው ነገረኝ። እፊቴ ቁጭ ብሎም ፕሮግራሙን መልሶ ጠየቀው። ፕሮግራሙ በትሕትና ይቅርታ ጠየቀና የሌላ መጽሐፍ ስም ሰጠን። ያም የለም።

ልጁ ከቢሮዬ ከመውጣቱ በፊት አንድ ነገር ጠየቀኝ። ይህ ፕሮግራም እንደማያውቅ አያውቅም ወይ? አለማወቁን ቢያውቅ ኖሮ ዝም አይልም ነበር ወይ? እኔ የተማርኩት ሥነ ትምህርት እንጂ ኮምፒዩተር አይደለም፤ የሚረባ መልስ አልሰጠሁትም። በዕረፍቱ ወራት ግን ጥያቄውን ይዤ ማንበብ ጀመርኩና መንገዱ ወደ አንድ ሰው ወሰደኝ። ሰውየው ከሞተ ሰባ ዓመት አልፎታል፤ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚለው ስም እንኳ የወጣው እርሱ ከሞተ በኋላ ነው። ስሙ አለን ቱሪንግ ይባላል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቱሪንግ የተወለደው ጁን 23 ቀን 1912 ለንደን ውስጥ ነው። አባቱ ሕንድ ውስጥ የእንግሊዝ ቅኝ አስተዳደር ሠራተኛ ነበሩ። ወላጆቹ ወደ ሕንድ ሲመላለሱ እርሱና ታላቅ ወንድሙ እንግሊዝ አገር ከጡረተኛ የጦር መኮንን ቤተሰብ ጋር ቀሩ። ለሥራ ሲሉ ልጆቻቸውን ዘመድ ዘንድ ትተው የሄዱ ወላጆች ይህን ኑሮ ያውቁታል፤ ልጆቹም እንዲሁ።

በ1926 ሸርቦርን የተባለ አዳሪ ትምህርት ቤት ገባ። ከፈረንሳይ በመርከብ ሳውዝሃምፕተን ወደብ በደረሰበት ቀን አገሩ በሙሉ ሥራ አቁሞ ነበር፤ ባቡር የለም። የአሥራ ሦስት ዓመቱ ልጅ ብስክሌቱን ይዞ መንገድ ጀመረ። መንገድ ላይ አንድ ሌሊት አድሮ ወደ መቶ ኪሎ ሜትር የሚጠጋውን ጉዞ ጨርሶ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ተገኘ። እንዲህ ያለ ልጅ ቢመጣልኝ በደስታ እቀበለዋለሁ ለማለት ይቀናኛል፤ ነገር ግን ልጠንቀቅ። የሸርቦርን መምህራን ጽሕፈቱ አይነበብም፣ ሥራው የተዝረከረከ ነው፣ የተሰጠውን ትቶ ያልተሰጠውን ይሠራል እያሉ ያማርሩ ነበር። ርዕሰ መምህሩም ልጁ የሳይንስ ሰው ብቻ መሆን ከፈለገ እዚህ ትምህርት ቤት ጊዜውን እያባከነ ነው የሚል ደብዳቤ ለወላጆቹ ጻፉ። ይህን ሳነብ በሃያ ምናምን ዓመት ሥራዬ የፈረምኩባቸውን የተማሪ ሪፖርቶች አሰብኩና ደስ አላለኝም።

እዚያው ትምህርት ቤት ክሪስቶፈር ሞርኮም የሚባል ጓደኛ አገኘ። ሁለቱ ስለ ከዋክብትና ስለ ሒሳብ አውርተው አይጠግቡም ነበር። ሞርኮም በልጅነቱ ከጠጣው የላም ወተት በያዘው የሳንባ ነቀርሳ ዓይነት በፌብሩዋሪ 1930 ሞተ። የቱሪንግ ሐዘን ከባድ ነበር፤ የጓደኛው አእምሮ ከሥጋው ተለይቶ ሊኖር ይችል እንደሆነም ለሞርኮም እናት በደብዳቤ ይጽፍላቸው ነበር። አእምሮ ምንድን ነው የሚለው ጥያቄ ወደዚህ ሰው የመጣው በሐዘን በኩል ነው ብል የተሳሳትኩ አይመስለኝም።

በ1931 ካምብሪጅ ገባ፤ በ22 ዓመቱ የኪንግስ ኮሌጅ አባል ሆኖ ተመረጠ። በዚያን ጊዜ ሒሳብ ሊቃውንትን የሚያወዛግብ አንድ ጥያቄ ነበር። ዳቪድ ሂልበርት የተባሉት ጀርመናዊ ያቀረቡት ነው። ማንኛውም የሒሳብ ዓረፍተ ነገር ቢሰጠን፣ ሊረጋገጥ የሚችል መሆን አለመሆኑን ያለ ስሕተት የሚወስን አንድ የታወቀ ዘዴ ይኖራል ወይ? ቱሪንግ ረጅም ርቀት የሚሮጥ ሰው ነበርና በ1935 በጋ ግራንቸስተር አጠገብ ባለ መስክ ላይ ተጋድሞ ሲያርፍ መልሱ እንደታየው በኋላ ተናግሯል።

በዚያ ዘመን ኮምፒዩተር ማለት የመሣሪያ ሳይሆን የሰው ሥራ ስም ነበር፤ ቁጭ ብሎ ሲደምርና ሲያባዛ የሚውል ሰው። ቱሪንግ ይህን ሰው አስተውሎ ሥራውን እስከ መጨረሻው ቀነሰው። በካሬ የተከፋፈለ ረጅም ወረቀት አለ። መሣሪያው አንዱን ካሬ ያነባል፣ ምልክት ይጽፋል ወይም ያጠፋል፣ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ አንድ እርምጃ ይሄዳል። ሌላ ምንም የለም። ከዚያ አንድ ትልቅ እርምጃ ወሰደ፤ የአንዱ መሣሪያ አሠራር ራሱ በምልክት ተጽፎ ለሌላ መሣሪያ እንደ ንባብ ሊሰጥ ይችላል አለ። ዛሬ ፕሮግራም የምንለው ይህንን ነው። ፕሮግራም የሚነበብ ጽሑፍ ከሆነ ደግሞ ስለ ራሱም ሊያነብ ይችላል ማለት ነው።

ማረጋገጫውን በዛሬው አነጋገር ልንገራችሁ፤ ቀስ ብላችሁ አንብቡት። አንዳንድ ፕሮግራም ሥራውን ጨርሶ ይቆማል፤ አንዳንዱ ሳያቋርጥ ይሽከረከራል። የማንኛውም ፕሮግራም ጽሑፍ ቢሰጠው ይቆማል ወይም አይቆምም ብሎ ሳይሳሳት የሚነግረን አንድ ፈታሽ አለ እንበል። አሁን ተንኮለኛ ፕሮግራም እንጻፍ። ተንኮለኛው የራሱን ጽሑፍ ለፈታሹ ያቀርባል። ፈታሹ ይቆማል ካለ ተንኮለኛው ሳያቋርጥ ይሽከረከራል፤ አይቆምም ካለ ወዲያው ይቆማል። ፈታሹ የትኛውንም ቢመልስ ተሳሳተ። ስለዚህ ለሁሉም መልስ ያለውና የማይሳሳት ፈታሽ ሊኖር አይችልም። የሂልበርትም ጥያቄ መልሱ የለም የሚል ሆነ።

ብዙ ሰዎች ይህን ሰምተው መሣሪያ ስለ ራሱ ምንም ሊያውቅ አይችልም ማለት ነው ይላሉ። አይደለም። ለፈታሹ ሦስተኛ መልስ እንፍቀድለት፤ አላውቅም የሚል። ያን ጊዜ ተንኮለኛው ወጥመዱን ቢያጠምድም ፈታሹ አላውቅም ብሎ ያልፋል፤ አልተሳሳተምም። በሌሎች ብዙ ፕሮግራሞች ላይ ግን በትክክል ይመልሳል። ሁሉን እመልሳለሁ የሚለው ፈታሽ መሳሳቱ የግድ ነው፤ አላውቅም ማለት የተፈቀደለት ግን ሳይሳሳት መኖር ይችላል። ለልጁ መመለስ የነበረብኝ ይህንን ነበር።

ጽሑፉ በ1936 ወጣ። አሜሪካዊው አሎንዞ ቸርች በሌላ መንገድ ሄደው ጥቂት ወራት ቀደም ብለው ወደዚያው መልስ ደርሰው ነበርና ቱሪንግ ወደ ፕሪንስተን ሄዶ ከእርሳቸው ሥር ተማረ። በ1938 የተቀበለው የዶክትሬት ሥራም የዚያው ጥያቄ ቀጣይ ነው። አንድ የሒሳብ ሥርዓት ስለ ራሱ ማረጋገጥ የማይችለውን እውነት እንደ አዲስ መነሻ ብንጨምርለት የበለጠ ያውቃል፤ አዲሱ ሥርዓት ግን ደግሞ የራሱ ያልተረጋገጠ እውነት አለው፤ እርሱንም ብንጨምር ሌላ ይመጣል። ጉድጓዱን በሞላነው ቁጥር አጠገቡ ሌላ ይከፈታል።

ጦርነት ሲነሳ፣ ሴፕቴምበር 4 ቀን 1939፣ ቱሪንግ ብሌችሊ ፓርክ ወደሚባለው የምሥጢር መልእክት መፍቻ ጣቢያ ገባ። ጀርመኖች መልእክታቸውን የሚሰውሩት ኤኒግማ በተባለ መሣሪያ ነበር። መንገዱን ቀድመው የከፈቱት የፖላንድ ሒሳብ ሊቃውንት እንደነበሩ መዘንጋት አይገባም። ቱሪንግ የእነርሱን ሥራ አስፍቶ ቦምብ የሚባል የመፍቻ መሣሪያ ነደፈ፤ ስሙ እንጂ ከሚፈነዳው ጋር ዝምድና የለውም። የመጀመሪያው በ1940 ሥራ ጀመረ። እርሱ በተለይ የያዘው የባሕር ኃይሉን ኤኒግማ ነው፤ ወደ እንግሊዝ እህልና ነዳጅ የሚያመጡ መርከቦችን የሚያሰጥሙት ሰርጓጅ መርከቦች ትእዛዝ የሚቀበሉት በዚያ ነበር።

ስለ እርሱ ብዙ ይወራል፤ በአበባ ወቅት እንዳያስነጥሰው የጋዝ መከላከያ ጭምብል አድርጎ ብስክሌት ይነዳ እንደነበር፣ የሻይ ኩባያውን እንዳይወስዱበት በሰንሰለት ያስር እንደነበር። ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመው ግን የወረቀቱ ሥራ ነው። ባንበሪ በተባለ ከተማ የታተሙ ረጃጅም ወረቀቶች ነበሩ። የእያንዳንዱ መልእክት ፊደላት ወረቀቱ ላይ በቀዳዳ ይበሳሉ። ሠራተኞች፣ አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች፣ አንዱን ወረቀት በሌላው ላይ ደርበው እያንሸራተቱ ብርሃን የሚያልፍባቸውን ቀዳዳዎች ይቆጥራሉ። ሁለቱ መልእክቶች በትክክል ከተገጣጠሙ በአማካይ ከ17 ቦታዎች በአንዱ ተመሳሳይ ፊደል ይገናኛል። ግንኙነት ከሌላቸው ከ26 በአንዱ ብቻ።

ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ በአንድ ቀዳዳ ማንም ምንም ሊወስን አይችልም። ቱሪንግ ለማስረጃ ክብደት መለኪያ አወጣለት፤ በከተማዋም ስም ባን ተባለ። ግምታችንን አሥር እጥፍ የሚያጠነክር ማስረጃ አንድ ባን ይመዝናል፤ የባን አንድ አሥረኛ ዴሲባን ነው። ሎጋሪዝም የተማራችሁ ልጆች ስሉት። የተገናኘ ፊደል ሁሉ ለግምቱ ሁለት ዴሲባን ሊሞላ ትንሽ የጎደለ ክብደት ይጨምራል፤ ያልተገናኘ ሁሉ የዴሲባንን አንድ አሥረኛ ገደማ ይቀንሳል። ድምሩ 20 ዴሲባን ከሞላ ማስረጃው ግምቱን መቶ እጥፍ አጠነከረው ማለት ነው። የሰው ልብ ራሱ ሊሰማው የሚችለው ትንሹ የማስረጃ ለውጥ አንድ ዴሲባን ያህል እንደሆነ እነ ቱሪንግ ያስቡ ነበር። በዚህ ሚዛን አንድን ነገር ማወቅ ወይም አለማወቅ ብቻ አይደለም ያለው፤ ምን ያህል ማወቅ የሚባል ነገር በቁጥር ተቀመጠ። በሚዛኑ ላይ የሰው ሕይወት የጫነ መርከብ ነበረበት።

ዛሬ በስልክ የምናነጋግራቸው ፕሮግራሞች ሥራቸው ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል መገመት ነው። ሊከተል ለሚችለው ቃል ሁሉ ቁጥር ይሰጡታል። ነገር ግን ያ ቁጥር የሚለካው ቃሉ ለቦታው መስማማቱን እንጂ እውነት መሆኑን አይደለም፤ ለጣና ሐይቅ የሚስማማ የመጽሐፍ ስም መፍጠር ስለዚህ ቀላል ነው። ተመራማሪዎች ፕሮግራሙ ራሱን ማወቁን የሚፈትሹት እንዲህ ነው፤ ሰባ በመቶ እርግጠኛ ነኝ ያለባቸውን መቶ መልሶች ይሰበስባሉ፤ ሰባ ያህሉ ትክክል ከሆኑ ሚዛኑ ደኅና ነው፤ አርባ ብቻ ከሆኑ ጉረኛ ነው። ሌላው ዘዴ አንዱን ጥያቄ ደጋግሞ መጠየቅ ነው፤ መልሱ በየጊዜው ከተለዋወጠ ፕሮግራሙ አያውቀውም ብሎ መጠርጠር ይገባል። የእኛ ልጅ ሳያስበው እፊቴ ያደረገው ይህንኑ ነበር።

ከጦርነቱ በኋላ ቱሪንግ ለንደን አቅራቢያ ባለ የመንግሥት ቤተ ሙከራ ኮምፒዩተር ነደፈ፤ ሥራው ግን ተጓተተበት። በዚያ መሐል በ1947 ማራቶን በ2 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ሮጠ። እኛ አትሌት የምናውቅ ሕዝብ ነን፤ ለቢሮ ሰው ጥሩ ሰዓት ነው። በዚያው ዓመት ለሒሳብ ሊቃውንት ባደረገው ንግግር መሣሪያ ከቶ እንዳይሳሳት ከተጠየቀ አስተዋይ ሊሆን አይችልም ሲል ተከራከረ። ሰው አዲስ ዘዴ ሲሞክር ቢሳሳት ይታለፋል፤ ለመሣሪያውም ያው ፍርድ ይሰጠው ማለቱ ነበር። በ1948 ሐሳቡን ሰፋ አድርጎ ሪፖርት ጻፈ፤ የቤተ ሙከራው ኃላፊ የተማሪ ድርሰት ይመስላል ብለው ናቁት፤ በሕይወቱም ሳለ አልታተመም። ቱሪንግ ወደ ማንችስተር ዩኒቨርሲቲ ሄደ።

በ1950 የወጣው ትልቁ ጽሑፉ መሣሪያ ማሰብ ይችላል ወይ የሚለውን ጥያቄ የያዘ ነው። ከመለሳቸው ተቃውሞዎች አንዱ የልጁ ጥያቄ ነው ማለት ይቻላል፤ መሣሪያ ስለ ራሱ ሐሳብ ሊያስብ አይችልም የሚል። ቱሪንግ ይህን በእርጋታ ነው የመለሰው። መሣሪያው አንድ እኩልታ ሲፈታ የሚያስበው ስለ እኩልታው ነው ካልን፣ የራሱን ፕሮግራም ሲያሻሽል ወይም አካሉ ላይ የሚደረግ ለውጥ ምን እንደሚያመጣ አስቀድሞ ሲገምት ስለ ራሱ እያሰበ ነው ማለት ነው። የሠራውን ሥራ ውጤት አይቶ አሠራሩን የሚያርም መሣሪያ ሊሠራ ይችላል፤ ይህም ሩቅ ሕልም አይደለም አለ።

ለመምህራን ደግሞ የጽሑፉ መጨረሻ አለላችሁ። የአዋቂን አእምሮ ከመሥራት ይልቅ የልጅን አእምሮ ሠርቶ ማስተማር ይቀላል ይላል። በሽልማትና በቅጣት ብቻ ግን አይሆንም፤ ሌላ የመነጋገሪያ መንገድ የሌለው ተማሪ ሊማር የሚችለው በተሸለመውና በተቀጣው ቁጥር ልክ ብቻ ነው። በስሕተቱ ሁሉ አንድ አንድ እየተመታ ግጥም በግምት እንዲያገኝ የተደረገ ልጅ ግጥሙን እስኪጨርስ ገላው ምን እንደሚሆን አስቡት ይላል። መምህሩም በተማሪው ውስጥ የሚሆነውን አብዛኛውን ጊዜ አያውቅም። የትምህርት ኮሌጅ መጽሐፎቼ ይህን ያህል በአጭሩ አልነገሩኝም።

በ1952 ከወንድ ጋር በነበረው ግንኙነት በዘመኑ የእንግሊዝ ሕግ ተከሶ ተፈረደበት። ከእስር ይልቅ ሰውነቱን የሚለውጥ የሆርሞን መድኃኒት መወጋትን መረጠ። ለመንግሥት ይሠራው ከነበረው የምሥጢር ሥራም ተባረረ። አገሩን ከረሀብ ለማዳን የሠራውን ሥራ በችሎቱ ሊጠቅስ አይችልም ነበር፤ ምሥጢር ነውና። ጁን 7 ቀን 1954 በሳያናይድ መርዝ ሞተ፤ 42 ዓመት ሊሞላው ሁለት ሳምንት ቀርቶት ነበር። መርማሪው ራሱን አጥፍቷል ብሎ ወሰነ፤ እናቱ ግን አደጋ ነው ብለው እስከ ዕለተ ሞታቸው አመኑ። በ1959 የልጃቸውን ታሪክ መጽሐፍ አድርገው ጻፉ። የጦርነቱ ሥራ ዝርዝር ግን መጽሐፋቸው ውስጥ የለም፤ ያ ምሥጢር ለሕዝብ የተገለጠው በሰባዎቹ ዓመታት ነው። የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር በ2009 ስለ ደረሰበት በደል በመንግሥት ስም ይቅርታ ጠየቁ፤ በ2013 ንግሥቲቱ ምሕረት ሰጡት፤ ከ2021 ጀምሮ ምስሉ በሃምሳ ፓውንድ ገንዘብ ላይ አለ።

ከዕረፍት ስንመለስ ከሒሳብ መምህራችን ጋር ተመካክረን በአሥረኛ ክፍል አንድ ነገር ጀምረናል። ተማሪዎች በየሳምንቱ አጭር ፈተና ላይ ከእያንዳንዱ መልስ አጠገብ ምን ያህል እርግጠኛ እንደሆኑ ከአሥር ቁጥር ይጽፋሉ። ማርክ አይያዝበትም፤ መምህሩ ብቻ አሥር የተጻፈባቸውን፣ ሰባት የተጻፈባቸውን ለየብቻ ሰብስቦ ስንቱ ትክክል እንደሆነ ለልጆቹ ያሳያቸዋል። የጣናውን ጽሑፍ ያመጣው ልጅ አሁን ሰንጠረዡን ከሚሠሩት አንዱ ነው። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ይህ ነገር መምህራን ሲያስረዱና ርዕሰ መምህሩ ሲናገሩም እንዲደረግ በጽሑፍ ጠይቋል። ጥያቄውን ለመምህራን ስብሰባ አቅርቤዋለሁ፤ ገና አልተወሰነም።